የሽንት ኪኒን ኩላሊትን አያሰራም፣ ሥራ ያስፈታል

እናቴ አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰአት ላይ ደወለችልኝ። በዚያ ሰአት ስልክ ሲጮህ ሰው ምን ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ፣ ልቤ ቀጥ ሊል ደርሶ አነሳሁት። እሷ ግን ረጋ ብላ "ቆይ ግን ልጄ፣ ይሄ የሽንት ኪኒን ውሃውን ከየት ነው የሚያመጣው? እኔ የጠጣሁት ሁለት ብርጭቆ፣ የወጣው ባልዲ ሙሉ" አለችኝ።

ላሲክስ ከተጀመረላት ሶስተኛ ቀኗ ነበር። ልቧ ደከም ብሎ እግሯ አብጦ ነበር፣ ቁርጭምጭሚቷ ጋ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ጉድጓዱ እዛው ይቀራል፣ ቀስ ብዬ እስከ ሃያ ብቆጥርም አይሞላም። ኪኒኑን ደግሞ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ይሁንልኝ ብላ ማታ ማታ ነበር የምትውጠው፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለስ ታድራለች። ጠዋት ውሰጂው፣ ስድስት ሰአት ገደማ ነው የሚሰራው፣ ቀን ላይ ይጨርስልሻል አልኳት። (ላሲክስ የሚለው ስም ራሱ "ስድስት ሰአት ይቆያል" ከሚል የእንግሊዝኛ አባባል የወጣ ነው ይባላል።) ስለ ውሃው ጥያቄዋ ግን እንቅልፌም ነበርና "ኩላሊትሽን ያሰራልሻል እማ፣ አይዞሽ" ብዬ ዘጋሁት።

ፋርማሲስት ነኝ እኮ። ከዘጋሁት በኋላ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ቀረሁ፣ ምክንያቱም እውነቱ እኔ የነገርኳት ነገር ግልብጡ ነው። ላሲክስ ኩላሊትን አያሰራም። ሥራ ነው የሚያስፈታው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ኩላሊትን እንደ ወንፊት ነው የሚያስበው፣ ቆሻሻው ወደ ታች ይወርዳል ጥሩው ከላይ ይቀራል ምናምን። እኔም ተማሪ ሆኜ ብዙ ጊዜ እንደዛ ነበር የማስበው። ኩላሊት ግን ቁልፍ እንደጠፋባት ሴትዮ ነው፣ ቦርሳዋን አልጋ ላይ ዝርግፍ ታደርግና የማትፈልገውን አሮጌ ደረሰኝ ምናምን ትታ ሌላውን አንድ በአንድ መልሳ ትከታለች። ወንፊት የለም አይደለም፣ አለ፣ ግን መራጭ አይደለም፣ የደም ሴሎችንና ትልልቅ ፕሮቲኖችን ብቻ ያስቀርና ውሃውንም ጨውንም ስኳሩንም ይለቀዋል። በቀን ወደ 180 ሊትር። መቶ ሰማንያ! የደማችን ፈሳሹ ክፍል፣ ፕላዝማ የሚባለው፣ ሁሉም ቢጠራቀም 3 ሊትር አካባቢ ነው፣ እንግዲህ እሱው 3 ሊትር በቀን 60 ጊዜ ያህል ይዘረገፋል ይለቀማል ማለት ነው። ጨዉን ለብቻው ብታሰሉት በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ጨው ይወርዳል፣ ሽንት ውስጥ የሚገኘው ግን ጥቂት ግራም ብቻ፣ የበላነውን ያህል። ሌላው በሙሉ ተለቅሞ ተመልሷል። ሽንት ማለት ኩላሊት ያመረተው ነገር ሳይሆን ሳይለቅመው የተወው ነገር ነው።

ስለዚህ ሰውነት ጨውና ውሃ መያዝ ወይም መልቀቅ ሲፈልግ በአብዛኛው ዝርግፉን አይነካውም፣ ለቀማውን ነው የሚያዘው። ሆርሞኖቹ የለቀማው አለቆች ናቸው፣ መድኃኒቶቹ ደግሞ ወይ የለቃሚውን እጅ ይይዛሉ ወይ የአለቃውን አፍ ይዘጋሉ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያለቀስኩበት ትምህርት ዋናው ነገሩ በቃ ይሄ ነበር፣ ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን ካልያዛችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ለውሃ የተሰራ ፓምፕ የለም። ሰውነታችን ውስጥ የትም ቦታ። ፓምፕ ያለው ለጨው ነው፣ የተዘረገፈው ፈሳሽ እየተለቀመ የሚያልፍበት ቀጭን የኩላሊት ቱቦ ሴሎች በደም በኩል ባለው ጎናቸው ላይ 3 ሶዲየም ወደ ውጭ እየገፉ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ የሚያስገቡበት ፓምፕ አላቸው (ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 እ.ኤ.አ. ከክራብ ነርቭ ላይ ነው ያገኘው፣ ኖቤሉን ያገኘው ግን ከአርባ አመት በኋላ በ1997 ነው፣ ትዕግስት ነው)። ጨው ይሄዳል፣ ውሃ መንገድ ካገኘ ይከተለዋል። መንገድ ካላገኘ ደግሞ ባለበት ይቀራል። ሁሉም ጨዋታ "መንገድ ካገኘ" የምትለዋ ላይ ነው።

የቱቦው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ብዙ አልቆይም፣ ከተዘረገፈው ሁለት ሶስተኛው እዛው ይለቀማል፣ ጨውም ውሃም እኩል። ስኳርም እዛ ነው ሙልጭ ብሎ የሚመለሰው። ሰሞኑን ለስኳር በሽታም ለልብ ድካምም የሚታዘዙት ስማቸው በ"ግሊፍሎዚን" የሚያልቀው መድኃኒቶች የሚነኩት ይሄንን ነው፣ ስኳሩን የሚለቅመውን እጅ ይይዙታል፣ ስኳሩ ሲወጣ ጨውና ውሃም ይዞ ይወጣል። መነሻቸው ፍሎሪዚን የሚባል ከፖም ዛፍ ሥር ቅርፊት በ1835 የወጣ ነገር ነው፣ የወባ መድኃኒት እናገኝበታለን ብለው ነበር ሲሞክሩት። ይሄ ታሪክ ለብቻው አንድ ፖስት ይፈልጋል፣ እንለፈው።

ከዛ ቱቦው ወደ ኩላሊቱ ሆድ ቁልቁል ይወርድና ታጥፎ ወደ ላይ ይመለሳል። የፀጉር መቆንጠጫ መስሎ። ያኮብ ሄንሌ የሚባል ጀርመናዊ በ1862 አይቶት በስሙ ቀረ። ለእናቴ በማግስቱ አንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ስስልላት "ይሄ የመርፌ ቁልፍ ነው እንጂ ኩላሊት ነው?" ብላ ሳቀችብኝ፣ ግን እኮ ልክ ነች። ይሄ ወደ ላይ የሚመለሰው ወፍራም ክንድ ነው የላሲክስ ቤት። ግድግዳው ውሃ አያሳልፍም፣ ጨው ግን ይለቅማል፣ ከተዘረገፈው ጨው ሩብ ያህሉን፣ አንድ ሶዲየም አንድ ፖታሲየምና ሁለት ክሎራይድ በአንድ በር አንድ ላይ እያስገባ። ውሃው መከተል ስለማይችል ጨዉ ለብቻው ወጥቶ በኩላሊቱ ሆድ ዙሪያ ይከማቻል፣ አካባቢውን ጨዋማ ያደርገዋል። ይሄ ጨዋማ አካባቢ በኋላ ውሃ ለመሳብ ይጠቅማል፣ ያዙልኝ።

ላሲክስ፣ ማለትም ፉሮሴማይድ፣ የዛችን በር ክሎራይድ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቁጭ ይልና ይዘጋታል። በቃ። ሩቡ ጨው ሳይለቀም ወደ ታች ይሄዳል፣ ውሃውን ይዞ። በዛ ላይ ጨዋማው አካባቢ ጨዋማነቱ ስለሚቀንስ በኋላም ውሃ የሚስብ ነገር ይጠፋል፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው። ለዛ ነው ባልዲ የሚሞላው። ውሃው ከየት መጣ ላለችው መልሱ ይሄው ነበር፣ ኪኒኑ ከየትም አላመጣውም፣ ሁሌም በዛ ቱቦ በቀን 180 ሊትር ሲያልፍ ነበር፣ ዛሬ ትንሽ ሳይለቀም ቀረ።

የሚገርመኝ ደግሞ መንገዱ ነው። ፉሮሴማይድ ደም ውስጥ አልቡሚን የሚባል ትልቅ ፕሮቲን ላይ ስለሚጣበቅ በወንፊቱ አያልፍም፣ የመጀመሪያው ክፍል ሴሎች ከደም ጎትተው ቱቦው ውስጥ ያስገቡታል፣ ከዛ ከሽንቱ ጋር ወርዶ በሩን ከውስጥ በኩል ነው የሚዘጋው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ብዙ ሚሊግራም የሚታዘዝለትም ለዚህ ነው፣ ቱቦው ውስጥ የሚደርሰው ትንሽ ስለሆነ። ደንበኞች "የኔ ለምን በዛ?" ብለው ሲደነግጡ አያለሁ፣ ሁሌ አንድ አይነት ነገር ነው የምነግራቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሰው በምን ነበር የሚሸናው ብትሉ፣ በሜርኩሪ! በ1919 ቪየና ውስጥ አልፍሬድ ፎግል የሚባል የህክምና ተማሪ ቂጥኝ ላለባት ልጅ የሜርኩሪ መርፌ ሲሰጥ ነርሷ በየቀኑ የምትመዘግበው የሽንት መጠን ድንገት ሽቅብ ሲተኮስ ታየ። መዝጋቢዋ ነርስ ባትኖር ማንም ልብ አይለውም ነበር። ከዛ በኋላ ከሰላሳ አመት በላይ እግሩ ያበጠ ሰው ሜርኩሪ እየተወጋ ኖረ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ታያዛይድ የሚባሉት ኪኒኖች እስኪመጡ ድረስ። ታያዛይዶቹ ከዛ ከታጠፈው ክፍል አልፎ ያለውን ትንሽዬ ክፍል ነው የሚይዙት፣ እዛ የሚለቀመው ጨው 5 በመቶ ምናምን ስለሆነ ባልዲ አያስሞሉም፣ ቀስ ብለው ረጅም ሰአት ይሰራሉ፣ ለደም ግፊት የሚመቹትም ለዛ ነው።

አሁን ወደ አለቆቹ። የእናቴ ኩላሊት ምንም አልሆነም ነበር፣ የደከመው ልቧ ነው። ታዲያ እግሯ ለምን አበጠ? ልብ ደከም ሲል ኩላሊት ጋ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፣ ኩላሊት ደግሞ የሚያውቀው ነገር የሚደርሰውን ደም ብቻ ነው፣ እግር ማበጡን ከየት ያያል። "ሰውዬው ደርቋል፣ ደም ፈሶታል፣ ውሃ ጠምቶታል" ብሎ ይደመድምና ሬኒን የሚባል ነገር ደም ውስጥ ይለቃል። ሬኒን አንጂኦቴንሲን የሚባል ሆርሞን እንዲመረት ያደርጋል፣ አንጂኦቴንሲን የደም ስር ያጠባል፣ የመጀመሪያው ክፍል ጨው አጥብቆ እንዲለቅም ያዛል፣ ጭንቅላት ላይ ወጥቶ ውሃ ጥም ያመጣል፣ ከኩላሊቱ አናት ላይ የተቀመጠችውን አድሬናል እጢ ደግሞ አልዶስቴሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ልቀቂ ይላታል። ሁሉም በአንድ ድምፅ "ያዝ! እንዳትለቅ!" ነው የሚሉት። እውነተኛ ድርቀት ቢሆን ኖሮ ነፍስ የሚያድን ሥርዓት ነው፣ እዚህ ጋ ግን ውሃ ሞልቶ የፈሰሰበት ቤት ውስጥ ቧንቧ እንደመክፈት ነው። እግር ላይ እብጠት በዓይን የሚታየው እኮ ሁለት ሶስት ሊትር ትርፍ ውሃ ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

የሚያሳዝነው ልብ ራሱ ዝም አይልም። ሲወጠር የራሱን ሆርሞን ይለቃል፣ ኩላሊትን "ኧረ ልቀቀው" የሚል። በ1981 አዶልፎ ደ ቦልድ የአይጥ ልብ የላይኛውን ክፍል ጨምቆ ሌላ አይጥ ላይ ሲወጋው ነው የታወቀው፣ አይጡ ወዲያው በብዙ እጥፍ ጨውና ሽንት ለቀቀ። ልብ ሆርሞን ያመነጫል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ግን አንድ ድምፅ ነው፣ እነዛ "ያዝ" ባዮቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ይውጡታል።

አልዶስቴሮን የሚያዘው የቱቦውን መጨረሻ ነው። እዛ የሚለቀመው ጨው ጥቂት ነው፣ ግን የመጨረሻው ለቃሚ ስለሆነ ከሱ በኋላ የሚያስተካክል የለም። ሶዲየም ሲያስገባ በምትኩ ፖታሲየም ይለቃል። ላሲክስ የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ የሚወርደው ለዚህ ነው፣ ከላይ ያልተለቀመው ጨው እዚህ ጋ በገፍ ይደርሳል፣ አልዶስቴሮኑም ከፍ ብሏል፣ ለቃሚው ባገኘው ልክ ሶዲየም እየወሰደ ፖታሲየም ይበትናል። እናቴ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ድክም ድክም አለኝ፣ ሌሊት ባቴን ይይዘኛል ስትል ሲመረመር ፖታሲየሟ ወርዶ ተገኘ፣ ሃኪሟ ስፓይሮኖላክቶን ጨመረላት። እሱ የአልዶስቴሮንን ወንበር ቀድሞ የሚይዝ ነው። እሷ ግን በሁለተኛው ቀን "ይሄኛው አይሰራም፣ ላሲክሱ ይሻላል" አለችኝ። አይሰራም ሳይሆን ቀስ ይላል፣ አልዶስቴሮን ሴሉ ውስጥ ገብቶ ጂን አስነብቦ አዲስ ፕሮቲን አሰርቶ ነው የሚሰራው፣ ያ እስኪያረጅና እስኪጠፋ ቀናት ያልፋሉ። ላሲክስ በር ይዘጋል፣ ስፓይሮኖላክቶን በር እንዳይሰራ ያደርጋል፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

ኢናላፕሪልም ነበራት፣ አንጂኦቴንሲን እንዳይመረት የሚያደርገው። የዚህ ቤተሰብ መነሻ ብራዚል ውስጥ ያለ ጃራራካ የሚባል እባብ መርዝ ነው፣ የነደፈውን እንስሳ የደም ግፊት ዝቅ የሚያደርግ ነገር ተገኘበት፣ ከዛ ተነስተው ካፕቶፕሪልን ሰሩና በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ይሄንን ለእናቴ አልነገርኳትም። አትውጠውም ነበር።

ውሃው ጋ እንመለስ፣ እስካሁን ስለ ጨው ነው ያወራሁት። የመጨረሻው ቱቦ ግድግዳ በራሱ ውሃ አያሳልፍም። ከጭንቅላት ሥር ካለችው ፒቱታሪ የሚመጣ ቫሶፕረሲን የሚባል ሆርሞን አለ፣ ኤዲኤችም ይሉታል። ይሄ ሆርሞን ሴሉን ሲነካው ውስጥ ተጠቅልለው የተቀመጡ የውሃ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጡና ግድግዳው ላይ ይሰካሉ፣ ውሃው ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ጨዋማ አካባቢ ስልት ይላል፣ ሽንቱ ወፍሮ ከደም 4 እጥፍ የጠነከረ ሊሆን ይችላል። ሆርሞኑ ሲጠፋ ቀዳዳዎቹ ተመልሰው ይገባሉ፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። አልኮል የጠጣ ሰው ከጠጣው በላይ የሚሸናው ይሄንን ሆርሞን ስለሚያፍነው ነው፣ የማግስቱ ጥም ከዛ ይመጣል።

እነዚህን ቀዳዳዎች ያገኛቸው ፒተር አግሬ እየፈለጋቸው አልነበረም፣ ስለ ደም አይነት ሲያጠና አንድ የማይታወቅ ፕሮቲን እየደጋገመ አስቸገረው። ምን እንደሚሰራ ለማወቅ በ1992 የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ እንዲሰራ አደረጉና እንቁላሎቹን ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ከተቷቸው። የእንቁራሪት እንቁላል ኩሬ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው፣ ውሃ አያስገባም። ፕሮቲኑ ያለባቸው ግን እያበጡ እያበጡ ሄደው ፈነዱ። በ2003 ኖቤል። እኔ ይሄንን ሙከራ ሳስታውስ ሁሌ ደስ ይለኛል፣ ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ የሚገባው ነገር ነው።

ቀዳዳዎቹ እምቢ ሲሉስ? ለስሜት መዋዠቅ ሊቲየም የሚወስዱ ሰዎች አንዳንዶቹ በቀን አስር ሊትር ይሸናሉ። ሊቲየሙ ሶዲየም መስሎ በአልዶስቴሮኑ በር ሾልኮ ሴሉ ውስጥ ይገባና ሆርሞኑ ቢጮህም ሴሉ እንዳይሰማ ያደርገዋል። ሕክምናው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሽንት ኪኒን! ታያዛይድ። መጀመሪያ ስሰማ መምህሩ የቀለደብን ነው የመሰለኝ። ነገሩ ግን ትንሽ ጨው ስታስወጣበት ሰውነቱ ደንገጥ ይልና የመጀመሪያው ክፍል ጨውና ውሃ አጥብቆ ይለቅማል፣ ወደ ተበላሸው መጨረሻ የሚደርሰው ውሃ ይቀንሳል፣ ሽንቱም ይቀንሳል። ችግሩ የመጀመሪያው ክፍል በዚያ ድንጋጤው ሊቲየሙንም አብሮ ስለሚለቅም ደም ውስጥ ያለው ሊቲየም ወደ መርዝ ሊጠጋ ይችላል፣ ስለዚህ ደም እየለኩ ነው። አሚሎራይድ የሚባለው ደግሞ ሊቲየሙ የሚሾልክበትን በር ራሱን ይዘጋል፣ ለኔ ከሁሉም የሚያምረው መላ እሱ ነው።

እናቴ ጋ ወር ተኩል ያህል ሁሉም ደህና ነበር። ጠዋት ጠዋት ትመዘናለች፣ ትደውልልኛለች፣ "ስልሳ አራት" ትልና ትዘጋለች። አንድ ሳምንት ግን ስልሳ አምስት፣ ስልሳ ስድስት፣ ከዛ ስልሳ ሰባት። በአምስት ቀን ሶስት ኪሎ ስብ አይደለም፣ ሶስት ሊትር ውሃ ነው። ሄጄ እግሯን ስጫነው ጉድጓዱ ተመልሷል። ላሲክሱን ቆጠርኩ፣ አንድም አልተዘለለም። ያው ጨው ነው ብዬ ጀመርኩ፣ ምን በላሽ፣ ማን ሰራው፣ ስንት ቆነጠርሽ፣ እንደ መርማሪ። ተቀየመችኝ። "ጨው የሚባል ነገር ከቤቴ ከወጣ ወር አልፎታል፣ አታምነኝም?" ብላ ፊቷን አዞረች፣ እውነቷን ነበር።

ሻይ ልታመጣ ስትነሳ ግን ጉልበቷን ያዝ አድርጋ ቀጥ ብላ ተነሳች፣ ያለ "እህህ" ያለ "ወይኔ"። "ጉልበትሽ ተሻለሽ እንዴ?" አልኳት። "ኧረ ድኛለሁ፣ ጎረቤቴ የሰጠችኝ አለ፣ ጠዋትና ማታ" ብላ ከትራሷ ሥር አወጣችው። አይቡፕሮፌን። ስምንት ቀኗ።

"ይሄማ የጉልበት ነው፣ ከኩላሊት ምን አገናኘው?" አለች። የሚያገናኘው ፕሮስታግላንዲን ነው። ጉልበት ላይ ሕመም የሚያመጣው ነገር ኩላሊት ውስጥ ጠባቂ ነው፣ ደም ወደ ወንፊቱ የሚያስገባውን የደም ስር ከፍቶ ይይዛል፣ ለቃሚዎቹንም "ቀስ በሉ" ይላቸዋል። አይቡፕሮፌን እሱን ሲያጠፋው መግቢያው ይጠባል፣ ለቀማው ይጠነክራል፣ ላሲክሱም ጉልበቱን ያጣል። ኢናላፕሪሉ ደግሞ የወንፊቱን መውጫ ከፍቶታል፣ ላሲክሱ ፈሳሹን ቀንሷል። መግቢያው ጠብቦ መውጫው ተከፍቶ ፈሳሹ ሲቀንስ ወንፊቱ ግፊት ያጣል። ሶስቱ ሲገናኙ ኩላሊትን ሊያቆሙት ይችላሉ፣ ስፓይሮኖላክቶን ሲጨመርበት ደግሞ ፖታሲየሙ አሁን በተቃራኒው ሽቅብ ሊወጣ ይችላል፣ እሱ ልብን የሚያቆም ነገር ነው። በየቀኑ ለሰው የምናገረው ነገር ነው። የገዛ እናቴን "ሌላ የምትወስጂው አለ?" ብዬ አልጠየቅኳትም።

እዛው ወደ ሃኪሟ ደወልኩ፣ በነጋታው ለምርመራ ደም ሰጠች፣ ክሬያቲኒኗ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ ነው) ከፍ ብሎ ነበር፣ ፖታሲየሟ ጠርዝ ላይ። አይቡፕሮፌኑ ቆመ። በሳምንት ውስጥ ስልሳ አምስት፣ ከዛ ስልሳ አራት ተኩል፣ ክሬያቲኒኑም ተመለሰ። አሁን እግሯን ራሷ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ነው የምትነግረኝ፣ "ሶስት ሳልቆጥር ሞላ" ትለኛለች።

ትናንት ደውላ "ስልሳ አራት" አለችና እንደ ድሮው አልዘጋችም። "ጉልበቴስ?" አለችኝ። ፓራሲታሞል እየወሰደች ነው፣ እንደዛኛው አልያዘላትም፣ ቅባቱም ብዙ አልረዳትም። እየፈለግኩልሽ ነው እማ አልኳት።